ሁለት ነገሥታት ያልተስማሙባት ከተማ፦ የአልባራሲን የመካከለኛው ዘመን ቅርስ ምንድን ነው?

በምሥራቅ ስፔን፣ በአራጎን ክልል፣ ከቴሩኤል ከተማ በስተምዕራብ ከአርባ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ አልባራሲን የምትባል ትንሽ የተራራ ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ አንድ ሺህ ገደማ ናቸው። ከባሕር ወለል በላይ 1,170 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ክረምቷ ብርቱ ነው። የጓዳላቪያር ወንዝ ገደላማውን ኮረብታ ዞሮ ስለሚያልፍ ከተማዋን ከአብዛኛው ጎኗ ወንዙና ገደሉ ይጠብቋታል፤ ወንዝ በሌለበት በኩል ደግሞ የግንብ ቅጥር ተራራውን ሽቅብ እየወጣ አንድ ብቸኛ ማማ ዘንድ ይደርሳል። በቅጥሩና በገደሉ መካከል ቀያይ ቤቶች ተጠጋግተው ቆመዋል።

ጎብኚዎችና የጉዞ ድርጅቶች አልባራሲንን «ጊዜ የቆመባት ከተማ» ማለት ይወዳሉ። አባባሉ ለማስታወቂያ ይመቻል እንጂ ስለ ከተማዋ የሚያስረዳው ነገር የለም። ዛሬ ከሚታዩት ቤቶች ብዙዎቹ ከመካከለኛው ዘመን በኋላ የተሠሩ ናቸው፤ አሁን ያላቸውን መልክም በአብዛኛው ያገኙት ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት በተደረገ ጥገና ነው። ከመካከለኛው ዘመን የወረሰችው ዋናው ነገር ለዓይን ያን ያህል አይታይም። ይህች ትንሽ ከተማ ከ1170 አካባቢ እስከ 1284 ድረስ፣ ከመቶ ዓመት በላይ፣ ጎረቤቶቿ በነበሩት በሁለቱ የክርስቲያን መንግሥታት፣ በካስቲልና በአራጎን ነገሥታት መካከል ተቀምጣ ለአንዳቸውም ሳትገዛ ኖራለች፤ በዚያ ዘመን የተዘረጋው የሕግና የመሬት ሥርዓት ደግሞ ከፊሉ እስከ ዛሬ ይሠራል። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ከቤቶቹ በፊት ፖለቲካውን ማየት ይሻላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከበኑ ራዚን እስከ አሳግራ

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በኑ ራዚን ከተባለ፣ ከሰሜን አፍሪካ በርበሮች ወገን ከሆነ ሙስሊም ቤተሰብ ነው። ከዚያ በፊት በቦታው ላይ በነበረው ቤተ ክርስቲያን ምክንያት በቅድስት ማርያም ስም ትጠራ ነበር። አብዛኛውን ስፔን ይገዛ የነበረው የሙስሊሞች መንግሥት፣ የኮርዶባው ኸሊፋነት፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲፈራርስ የየአካባቢው ገዥዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ትንንሽ መንግሥት አቋቋሙ፤ በኑ ራዚንም በዚህ ተራራ ላይ የራሳቸውን አቆሙ። ግዛታቸው ትንሽ፣ ወታደራቸውም ጥቂት ነበር። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው አብዱልመሊክ የተባለው ከ1045 እስከ 1103 ድረስ ለ58 ዓመታት ገዝቷል። ያን ያህል ዘመን የቆየው በጦር ሜዳ ድል አልነበረም፤ ግብር መክፈል በሚያዋጣበት ጊዜ ግብር ይከፍል ነበር። ከከፈላቸው ኃይለኞች አንዱ ኤል ሲድ በሚል ስም የሚታወቀው የካስቲል ተወላጅ የጦር አዝማች ሮድሪጎ ዲያስ ነው። አብዱልመሊክ ከሞተ በኋላ ልጁ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ገዛና በ1104 ከሰሜን አፍሪካ የመጡት አልሞራቪዶች ከተማዋን ያዙ።

ወሳኙ ለውጥ የመጣው ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የምሥራቅ ስፔንን ሙስሊም ግዛቶች፣ ቫሌንሲያንና ሙርሲያን፣ ኢብን መርደኒሽ የሚባል ገዥ ይዞ ነበር፤ ክርስቲያኖቹ «ንጉሥ ተኩላ» ይሉት ነበር። ኢብን መርደኒሽ ብርቱ ጠላት የነበሩበት አልሞሃድ የተባሉት ሌሎች ሙስሊሞች እንጂ ክርስቲያኖቹ አልነበሩም። አልሞሃዶችን ለመመከት ክርስቲያን ፈረሰኞችን በደመወዝ ይቀጥር ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ የናቫራው መኳንንት ፔድሮ ሩይስ ደ አሳግራ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው እንደሚያስረዱት አልባራሲን በ1170 ገደማ ወደ ፔድሮ ሩይስ እጅ የገባችው ከዚህ ወዳጅነት የተነሣ፣ በስጦታ እንጂ በጦርነት አልነበረም። ኢብን መርደኒሽ በ1172 ሲሞት ግዛቱ በአልሞሃዶች እጅ ወደቀ፤ አሳግራ ግን በተራራው ላይ ያለማንም የበላይ ቀረ።

የመካከለኛው ዘመን ስፔን ታሪክ ብዙ ጊዜ የመስቀልና የጨረቃ የሁለትዮሽ ጦርነት ተደርጎ ይተረካል። የአልባራሲን አጀማመር ይህን አተራረክ ያፈርሰዋል፤ አንድ ሙስሊም ንጉሥ ከሌሎች ሙስሊሞች ጋር ሲዋጋ ላገለገለው ክርስቲያን ከተማ ይሰጣል፤ ክርስቲያኑ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚጠነቀቀው ከክርስቲያን ነገሥታት ነው።

ጳጳሱ ለምን ከሩቅ መጣ?

በዚያን ጊዜ ለትንሽ ጌታ ነጻነት ማለት የበላይ ጌታ አለመኖር ነው። መኳንንት ሁሉ የአንድ ንጉሥ ሎሌ መሆን ይጠበቅበት ስለነበር ፔድሮ ሩይስ «የማን ሎሌ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያስፈልገው ነበር። የመረጠው መልስ የአልባራሲን ጌቶች እስከ መጨረሻው ሲጠቀሙበት የኖሩት ማዕረግ ሆነ፦ «የቅድስት ማርያም ሎሌ፣ የአልባራሲን ጌታ»። ማዕረጉ የእምነት ይምሰል እንጂ የፖለቲካ ነው። የእመቤታችን ሎሌ የሆነ ሰው የካስቲልም የአራጎንም ንጉሥ ሎሌ አይደለም፤ ይህን ማዕረግ በግልጽ መቃወም ደግሞ ለክርስቲያን ንጉሥ የሚያሳፍር ነበር።

ማዕረግ ብቻውን ግን አያኖርም፤ ፔድሮ ሩይስ ጳጳስም አስፈለገው። ከተማዋ በሳራጎሳ ጳጳስ ሥር ብትሆን የቤተ ክህነቷ ጉዳይ በአራጎን ንጉሥ ግዛት ውስጥ ይወሰን ነበር፤ ቤተ ክህነት ደግሞ በዚያ ዘመን ግብር ሰብሳቢም፣ ዳኛም፣ ጽሕፈት ቤትም ነው። ስለዚህ ፔድሮ ሩይስ በካስቲል ወደሚገኘው ወደ ቶሌዶ ሊቀ ጳጳስ ዞረ፤ በ1172ም ሊቀ ጳጳስ ሴሬብሩኖ ማርቲን የተባለውን ሰው ለአልባራሲን ጳጳስ አድርጎ ሾመ። የሳራጎሳው ጳጳስ ተቃወመ፣ ጭቅጭቁም ለረጅም ጊዜ ቀጠለ። አዲሱ ሀገረ ስብከት የቆመው በጥንት ዘመን ተደምስሶ የነበረ የሌላ ሀገረ ስብከት ወራሽ ነው ተብሎ ነበር፤ መጀመሪያ የአንዱ ጥንታዊ መንበር ስም ተሰጠው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በሌላ ተተካ። ስሙ ቶሎ መለወጡ ነገሩ የወረቀት ዝግጅት እንደነበር ያሳብቃል።

የአሠራሩን ብልኀት ልብ ማለት ይገባል። አልባራሲን በመልክዓ ምድርም በንግድም ወደ አራጎን ታዘነብል ነበር፤ በቤተ ክህነት ግን በካስቲል ሥር ሆነች። አንዱ ጎረቤት እጁን ቢዘረጋ ሌላው የሚቆጣበት ምክንያት ተበጀለት ማለት ነው። ከተማዋን ያኖራት ከገደሉና ከግንቡ ይልቅ ይህ መጠባበቅ ይመስለኛል፤ ካስቲል አራጎን እንዳትይዛት ትፈልጋለች፣ አራጎንም ካስቲል እንዳትይዛት ትፈልጋለች፣ ሁለቱም በዚህ ሲጠባበቁ አሳግራዎች መሃል ላይ ተደላድለው ይኖራሉ።

ግንቡ አልጠቀመም ማለት ግን አይደለም። በ1220 የአራጎኑ ንጉሥ ኻይሜ ቀዳማዊ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ የከተማዋ ጌታ ፔድሮ ፈርናንዴስ ደ አሳግራ ከንጉሡ ጋር የተጣላን አንድ መኳንንት በማስጠጋቱ ከተማዋን ሊከብ መጣ። ንጉሡ ኋላ ባስጻፈው የራሱ የታሪክ መዝገብ እንደሚናገረው አብረውት የነበሩት ፈረሰኞች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም መካከል በሥውር ለከተማዋ የሚያደሉ ነበሩ። ተከባቢዎቹ በሌሊት ወጥተው የንጉሡን ሠራዊት ከበባ ማሽን አቃጠሉ፣ ንጉሡም ያለ ውጤት ተመለሰ። የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያው ፔድሮ ፈርናንዴስ ከንጉሡ ጋር ታርቆ በ1238 በተጠናቀቀው የቫሌንሲያ ዘመቻ ከጎኑ ተሰለፈ።

ይህ ዘመቻ ለንጉሡ ታላቅ ድል፣ ለአልባራሲን ግን የችግር መነሻ ነበር። ቫሌንሲያ በክርስቲያኖች ከተያዘች በኋላ ተራራዋ የጠረፍ ምሽግ መሆኗ ቀረ፤ የሙስሊሞቹ ድንበር ወደ ደቡብ ርቆ ሄደ። ጠረፍ ላይ ያለ ምሽግ ለሁሉም ጎረቤት ይጠቅማል፣ በአገር መሃል ያለ የራስ ገዝ ምሽግ ግን ለንጉሡ እሾህ ነው።

ሰው የማይመጣበትን ቦታ በሕግ መሙላት

አሳግራዎችም ሆኑ በአቅራቢያቸው ያሉት የአራጎን ነገሥታት አንድ የጋራ ችግር ነበራቸው፤ ቀዝቃዛና ወረራ በማይጠፋበት የጠረፍ ተራራ ላይ መኖር የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። መፍትሔው ፉዌሮ ነበር። ፉዌሮ ንጉሥ ወይም ጌታ ለአንድ ከተማ የሚሰጠው የመተዳደሪያ ሕግ ሲሆን፣ መብትን፣ ግዴታን፣ ቅጣትን፣ የግጦሽና የውሃ አጠቃቀምን ሳይቀር በዝርዝር ይደነግጋል። የአራጎኑ አልፎንሶ ዳግማዊ ለቴሩኤል በ1177 ፉዌሮ ሰጠ፤ የአልባራሲን ሕግ ከዚህ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ብዙው አንቀጽም ተመሳሳይ ነው።

የዚህ ቤተሰብ ሕጎች ለሰፋሪው ያቀረቡት ማባበያ ቀላል አልነበረም። ወደ ከተማዋ መጥቶ የሚሰፍር ሰው ቀድሞ በነበረበት አገር ዕዳ ወይም ጠብ ቢኖርበት በአዲሱ ቦታ በዚያ አይጠየቅም ነበር። መኳንንት ይሁን ተራ ሰው በከተማው ውስጥ የሚዳኘው በአንድ ሕግ ነው፣ ቅጣቱም አንድ ነው። ዳኛውና ሌሎቹ ሹማምንት በየአጥቢያው እየተመረጡ በየዓመቱ ይቀያየራሉ። ለሹመት ለመብቃት ግን በከተማው ውስጥ ቤትና ፈረስ ሊኖር ይገባል። የፈረሱ ነገር ዋና ነው፤ ጌታው የሚፈልገው ድንበሩን በፈረስ የሚጠብቅ ሰው ስለሆነ ፈረስ ያለው ተራ ሰው ከተራ ሰውነት ከፍ ይላል። ይህ የእኩልነት ፍልስፍና ሳይሆን የወታደር ፍላጎት የወለደው ነገር ነው፤ ያም ሆኖ በዚያ ዘመን ለአንድ ገበሬ ትልቅ ለውጥ ነበር።

ሕጉ የዕለት ኑሮን ምን ያህል ጠልቆ ይገባ እንደነበር የሚያሳየው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት አንቀጽ ነው። በቴሩኤል ሕግ መሠረት ወንዶች የሚታጠቡት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ሴቶች ሰኞና ረቡዕ፣ አይሁድና ሙስሊሞች ደግሞ ዓርብ ነበር፤ እሑድ መታጠቢያ ቤቱ ይዘጋል። ገላ የሚታጠብ ሰው ትንሽ ሳንቲም ይከፍላል፣ ልጆችና አገልጋዮች በነጻ ይገባሉ። በሴቶች ቀን የገባ ወንድ በገንዘብ ይቀጣል። በዚሁ የሕግ ቤተሰብ በወንዶች ቀን የገባች ሴት በደል ቢደርስባት ግን ሕጉ አይሟገትላትም።

ከዚህ አንድ አንቀጽ ብዙ ነገር ይነበባል። ሦስት ሃይማኖቶች በአንድ ከተማ፣ በአንድ መታጠቢያ ቤት ይጠቀማሉ፤ በአንድ ቀን ግን አይገናኙም። ዛሬ የቱሪዝም ጽሑፎች «ሦስቱ ባህሎች በሰላም አብረው የኖሩበት» ሲሉ የዓርቡን ቀን ያስታውሳሉ፣ ዓርብ ብቻ መሆኑን ግን አያነሡም። በተጨማሪም የቴሩኤል ሕግ አይሁድን የንጉሡ አገልጋዮችና የንጉሡ ግምጃ ቤት ንብረት ይላቸዋል። ጥበቃ ነበራቸው፤ ጥበቃው ግን ባለቤት ንብረቱን እንደሚጠብቅ ዓይነት ነበር። ፍጻሜውም ይታወቃል። አይሁድ በ1492 ከመላው ስፔን እንዲወጡ ታወጀ፤ በግድ የተጠመቁት የሙስሊሞች ዘሮች ደግሞ ከአራጎን የተባረሩት በ1610 ነው። ከአልባራሲን በወንዙ ወርዶ የሚገኘው የኼአ መንደር አብዛኛው ነዋሪው ከእነዚህ ወገን ስለነበረ በዚያ ዓመት ክፉኛ ተራቆተ።

ሁለቱ ጎረቤቶች የተስማሙ ዕለት

የአሳግራ ቤት የወንድ ወራሽ አጥቶ ከተማዋ ለቴሬሳ አልቫሬስ ደ አሳግራ ደረሰች። ቴሬሳ ያገባችው ከካስቲል ታላላቅ መኳንንት አንዱ የሆነውን ኹዋን ኑኜስ ደ ላራን ነበር። በዚህ ጋብቻ ከተማዋ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የነበራት ሚዛን ተናጋ፤ አዲሱ ጌታ የተራራው ሰው ሳይሆን በካስቲል የዙፋን ጠብ እስከ አንገቱ የተነከረ ሰው ነበር፣ አልባራሲንንም እንደ ጦር ሰፈር ይጠቀምባት ጀመር።

ጊዜው መጥፎ ነበር። በ1282 ሲሲሊ በፈረንሳዮች ላይ ተነሥታ የአራጎኑ ፔድሮ ሣልሳዊ ዘውዷን ሲቀበል የፈረንሳይ ንጉሥ ጠላቱ ሆነ፤ ኹዋን ኑኜስም ከፈረንሳዮች ጋር ወግኖ የአራጎንን ምድር ይወርር ነበር። በዚያው ጊዜ በካስቲል ዙፋን የያዘው ሳንቾ ዐራተኛ ለኹዋን ኑኜስ ወዳጅ አልነበረም፤ ኹዋን ኑኜስ የሚደግፈው የሳንቾን ተቀናቃኞች ነበርና። ስለዚህ በ1284 የጸደይ ወራት ፔድሮ ሣልሳዊ አልባራሲንን ሲከብ ከካስቲል በኩል የሚቆጣ ንጉሥ አልተገኘም። ከበባው ወራት ፈጀ። ግንቡ ጸና፣ ምግብ ግን አለቀ፤ በመስከረም ከተማዋ እጇን ሰጠች።

ከ64 ዓመት በፊት ኻይሜን የመለሰው ግንብ ያው ነው፤ ገደሉም ወንዙም አልተለወጡም። የተለወጠው ጎረቤቶቹ መስማማታቸው ነው። የአልባራሲንን ነጻነት ከማንኛውም ሰነድ ይልቅ አጠፋፉ ያስረዳዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ፔድሮ ከተማዋን ከጋብቻ ውጭ ለተወለደው ልጁ ለፈርናንዶ ሰጠ፤ ከጥቂት ዓመታት መወዛወዝ በኋላ በ1300 ኻይሜ ዳግማዊ ከአራጎን ዘውድ ጋር ቀላቀላት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለአንድ ልዑል በጌትነት ተሰጥታ እንደገና ወደ ዘውዱ ተመልሳለች። የሳራጎሳ መንበር በ1318 ወደ ሊቀ ጳጳስነት ከፍ ሲል ሀገረ ስብከቷም ከቶሌዶ ወጥቶ ወደ ሳራጎሳ ዞረ፤ ፔድሮ ሩይስ በ1172 ያበጀው ብልኀት የመጨረሻው ክር በዚህ ተቆረጠ። ፉዌሮው ግን እስከ 1598 ኖረ። የቀረበት ምክንያት ለማመን ያስቸግራል፦ እንዲቀር የጠየቁት ራሳቸው ነዋሪዎቹ ናቸው። በጠረፉ ዘመን የራስ ሕግ ማለት ነጻነት ነበር፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግን የንጉሡ ሹማምንት «እናንተ የራሳችሁ ሕግ ስላላችሁ የአራጎን ሕግ አይመለከታችሁም» እያሉ ሕዝቡን የአራጎን ሕግ ከሚሰጠው ጥበቃ፣ በተለይም ለንጉሡ ሥልጣን ልጓም ከነበረው ታላቁ ፈራጅ ዘንድ ይግባኝ ከማለት ከለከሉት። ያው አንቀጽ ያው ሳለ የሚጠቅመው ወገን ተገለበጠ።

ከሚታየው ውስጥ የትኛው የመካከለኛው ዘመን ነው?

በተራራው ራስ ላይ ያለው አንዳዶር የተባለው ማማ በሙስሊሞች ዘመን፣ ከቅጥሩ በፊት የተሠራ ነው። ቅጥሩ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በበኑ ራዚን ተጀምሮ ከተማዋ በአራጎን እጅ ከገባች በኋላ ታድሷል። የበኑ ራዚን ቤተ መንግሥት ቅሪት በመሃሉ ቋጥኝ ላይ ተቆፍሮ ወጥቷል። የመንገዶቹም አቀማመጥ የዚያ ዘመን ነው፤ ጠባብ የሆኑት ለውበት አይደለም፣ በቅጥሩ ውስጥ ያለው ቦታ ትንሽ ስለሆነ ነው። ካቴድራሉ ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ከማዶ ያለችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ዘመን በፈረንሳዊው የሕንፃ መሐንዲስ በፒየር ቬደል እጅ እንደገና ታንጻለች።

ቤቶቹን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የታችኛው ፎቅ ከድንጋይ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቋሚና አግዳሚ እንጨት ተዋቅሮ ክፍተቱ በድንጋይ ስብርባሪና በጄሶ ይሞላል፤ ክብደቱ ቀላል ስለሆነ እያንዳንዱ ፎቅ ከሥሩ ካለው ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ይላል። መሬት ላይ ያጣውን ቦታ አየር ላይ ያገኛል ማለት ነው። በአንዳንድ መንገዶች የፊት ለፊት ጣሪያዎች ክፈፍ ሊነካካ ምንም አይቀረው። የበሮቹ የብረት ማንኳኪያዎች ጅራታቸውን ያጠፉ ዘንዶ ወይም እንሽላሊት ይመስላሉ፤ ይህ የአካባቢው አንጥረኞች መለያ ነው።

ቀዩ ቀለም ቀለም አይደለም። በአካባቢው የሚቆፈረው የጄሶ ድንጋይ በውስጡ ብረት ስላለ ተቃጥሎ ሲፈጭ ቀይ ይወጣል፤ ግድግዳው የሚለሰነው በዚያው ነው። ጄሶ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ በማይነካው ቦታ የሚሠራበት ነገር ነው፤ የዚህ አካባቢ ጄሶ ግን በባህላዊ ምድጃ ሲቃጠል ከውጭም በረዶና ዝናብ ይችላል። ግድግዳው እርጥበት ሲገባበት መልሶ ይተነፍሳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲሚንቶ ሲመጣ አንዳንዱ ባለቤት ርካሽና ጠንካራ ነው ብሎ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለሰነ፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ስለሚያስቀር የእንጨቱ ቋሚ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል።

ከተማዋ በ1961 ብሔራዊ ቅርስ ተብላ ስትመዘገብ ብዙ ቤት የፈረሰ ወይም የተተወ ነበር። በርስ በርሱ ጦርነት በ1937 የበጋ ወራት በከተማዋ ውስጥ ውጊያ ተደርጎ ጉዳት አድርሷል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሕዝቡ ወደ ቫሌንሲያና ባርሴሎና ፈለሰ። ጥገናው በሥርዓት የተያዘው በ1980ዎቹ መጨረሻ በተከፈተ የዕደ ጥበብ ማሠልጠኛ ሲሆን፣ በ1996 የሳንታ ማሪያ ደ አልባራሲን ፋውንዴሽን ተቋቁሞ ሥራውን ተረክቧል። አካሄዱ አንድ ታላቅ ሕንፃ አሳምሮ ሌላውን ለጊዜ መተው አልነበረም፤ የአካባቢው ወጣቶች ጄሶና እንጨት መሥራት ተምረው ሕንፃ በሕንፃ እየጠገኑ፣ የተጠገነውን ለማረፊያ፣ ለስብሰባ፣ ለሙዚየም አገልግሎት በማዋል ገቢው የሚቀጥለውን እንዲጠግን አደረጉ። ይህ ብዙ ሊቀዳ የሚገባው አሠራር ነው። ዋጋም አለው፦ ኑሮዋን በጎብኚ ላይ ያደረገች ከተማ በሥራ ቀንና በበዓል ቀን ሁለት የተለያዩ ከተሞች ትሆናለች።

ደኑና ግጦሹ

ወደ አልባራሲን የሚመጣ እንግዳ ከሁሉ የቆየውን ቅርስ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያልፈዋል። በከተማዋ ዙሪያ ያለው ሰፊ የጥድ ደንና የግጦሽ መሬት ከፊሉ የግለሰብም የመንግሥትም አይደለም፤ የአልባራሲን ከተማና በዙሪያዋ ያሉ ከሃያ በላይ መንደሮች ያልተከፋፈለ የወል ሀብት ነው። ተራሮቹ ሞንቴስ ኡኒቬርሳሌስ ይባላሉ፤ ብዙዎች የሚስማሙበት ማብራሪያ ስሙን ያገኙት ከዚህ የሁሉም ከመሆናቸው ነው።

የነገሩ መነሻ ፉዌሮው ነው። ሕጉ ለከተማዋ ከቅጥሩ ውጭ ሰፊ ግዛት ሰጣት፤ በዚያ ግዛት የተቆረቆሩት መንደሮች በከተማዋ ዳኝነት ሥር ሆኑ፣ በምትኩም በደኑና በግጦሹ የመጠቀም መብት አገኙ። መንደሮቹ ከጊዜ በኋላ ስለ ግብርና ስለ ዳኝነት ከከተማዋ ጋር እየተከራከሩ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በአራጎን እንዲህ ያሉ አራት ታላላቅ የመንደሮች ማኅበራት ነበሩ፤ የካላታዩድ፣ የዳሮካና የቴሩኤል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአስተዳደር ለውጥ ፈረሱ። የአልባራሲኑ ብቻ ተረፈ። የተረፈውም ከተማዋና መንደሮቹ በጋራ የያዙት መሬት ስለነበረ ነው፤ ወረቀት ላይ ያለን ማኅበር በአዋጅ ማፍረስ ቀላል ነው፣ ሺህ በጎች የሚሰማሩበትን የወል መሬት ባለቤትነት ማፍረስ ግን ከባድ ነው።

ዛሬም ከእንጨትና ከግጦሽ የሚገኘው ገቢ በከተማዋና በመንደሮቹ ማኅበር መካከል ይከፋፈላል፤ ተወካዮቹም ስለ አጠቃቀሙ ይመክራሉ፣ ይከራከራሉም። የተራራው ክረምት ለከብት የማይመች ስለሆነ አንዳንድ እረኞች እስከ አሁን በኅዳር በጎቻቸውን ይዘው ወደ ደቡብ፣ ወደ ሴራ ሞሬና፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በጥንቱ የከብት መንገድ ይወርዳሉ፣ በጸደይ መጨረሻም ወደ ወል ግጦሹ ይመለሳሉ። እነዚህ እረኞች አሁን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ልጆቻቸው ሥራውን ስለማይቀጥሉበት መንጋው በየዓመቱ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ደኑ ውስጥ የሚግጥ በግ ሲያንስ ደረቅ ሣርና ቁጥቋጦ ስለሚበዛ በበጋ የእሳት አደጋው ይጨምራል።